የጋሼ ታደለ ምላጭ

ከራጉኤል ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የቤት ፕላን የሚያባዛ አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። በቀደም የእህቴን ልጅ ፕላን ላስባዛ ብገባ የአሞኒያው ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከፊቴ የነበሩት ሁሉ አፍንጫቸውን ይዘዋል። ባለሱቁ «ይቅርታ እትዬ፣ ትንሽ ሲቆዩ ይለምዱታል» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል! እኔ ያንን ሽታ የለመድኩት በአሥር ዓመቴ ነው። የጋሼ ታደለ ኮት ሽታ ነው።

ተራዬን ስጠብቅ አጠገቤ የቆመ አንድ ወጣት ከካርቶን ቱቦ ውስጥ ካርታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ቡናማ መስመሮች እየተከታተሉ ይጠማዘዛሉ፤ በመሐላቸው ቁርጥ ቁርጥ ያሉ ሰማያዊ መስመሮች አሉ። አንዱን ሰማያዊ መስመር በዓይኔ ተከትዬ አጠገቡ የተጻፈውን ስም ሳነብ ተራዬን ረሳሁት። ላጋ ዲማ ይላል። ያንን ስም ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሰምቼ ለጋሼ ታደለ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ጦርነቱ በምሥራቅና በደቡብ የተጋጋለበት ዓመት ነበር። ቤታችን ከበርበሬ በረንዳ በስተጀርባ ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር ያስነጥሳል። አባቴ ቅመም ነጋዴ ነበር። በግቢያችን ጥግ የነበረችው ክፍል ትርፍ ቤት ተብላ ስለተወረሰች ጋሼ ታደለን ያመጣብን ቀበሌ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ብዙ ጥቅል ወረቀት በኩሊ አሸክሞ ቁልፉን ይዞ መጣ። እናቴን ማንም አልጠየቃትም። «ቀበሌ የመደበው ሰው» አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ግቢ ውስጥ አማርኛ ማውራት ተወች። የጅማ ልጅ ናት። ከእኔ ጋር በኦሮምኛ፣ ከአባቴ ጋር በስልጢኛ፣ ከጋሼ ታደለ ጋር በፈገግታ ብቻ ትነጋገር ጀመር።

ጋሼ ታደለ ሥራው ካርታ መሥራት ነው፤ ኮቱ የሚሸተውም መሥሪያ ቤቱ ካርታ የሚያባዛበት አሞኒያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ስለበዛ ሥራው ተጠራቅሞበት ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ያመጣዋል። ለብርሃን ብሎ ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አድርጎታል፤ የመስኮቱን ግማሽ ግን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖታል። እሷ ጨርቅ ናት ጣጣ ያመጣችው። አጥር የምትጋራን እትዬ በላይነሽ፣ ሸማ ተራ ጥለት የምትሸጥ ሴት፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል «ሰዓዳ፣ ይኼ ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ነው» አለቻት እናቴን። በሳምንቱ ደግሞ «የለም፣ የጠላት ሰላይ ነው» አለች። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን እንደማይችል የነገራት የለም። እናቴም ብትሆን ሁለቱንም አመነች።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝና ጆግ ሙሉ ውሃ አስያዘችኝ። «የብዕሩን ቀለም የሚያጥብበት ውሃ ይፈልጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታደርሺለታለሽ። ስትገቢ ግን ዓይንሽን ይዘሽ ግቢ።»

ዓይኔን ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት ሳይ ጆጉ ሊወድቅብኝ ነበር። እናቴ የቀበሌ ሱቅ ካርድ ስታወጣ አውራ ጣቷን ሐምራዊ ቀለም ነክራ ስትጫን አይቻለሁ፤ መስመር በመስመር ውስጥ እየዞረ ታትሞ ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ያለውም እሱው ነው፤ ትልቅነቱ ብቻ ሰሐን ያህላል። ሮጬ ወጣሁ።

«እማዬ! የሰው አሻራ ይሰበስባል!»

እናቴ ያን ቀን አውራ ጣቷን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ታደለ ለምን እንደሮጥኩ ጠየቀኝ። ውሸት ስላልመጣልኝ እውነቱን ነገርኩት። ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። «ጨብጪ» አለኝ። ቡጢዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በቀጭን ብዕር በጣቶቼ አንጓ ዙሪያ መስመር ሳለ፤ ከሱ ዝቅ ብሎ ሌላ፤ ዝቅ ብሎ ሌላ። ከዚያ «ዘርጊው» አለኝ። ኮረብታው ጠፍቶ መስመሩ ብቻ ቀረ፤ ያው ወረቀቱ ላይ ያለው። «አሻራ አይደለም፣ ሙኒሬ። አንዱ መስመር አንድ ከፍታ ነው። በሁለት አንጓ መሐል መስመሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አየሽ? ዝናብ ቢዘንብ ውሃው የሚሄደው በዚያ ነው።» ደስ አለኝ። እናቴ ግን ቀለሙን ስታይ ደነገጠችና በአመድ ፈግፍጋ እጄን አቀላችው።

ካርታው ከያቤሎ ወዲያ ያለ፣ ከብት የሚረባበት ደረቅ አገር ነው። ሰማያዊ መስመሮቹ ቁርጥ ቁርጥ ያሉት ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «የክረምት ወንዞች ስለሆኑ ነው። ሲዘንብ ይወርዳሉ፤ ሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ ናቸው» አለኝ። እኔ የማውቀው ውሃ ከቧንቧ የሚመጣውን ነው። ውሃ የሌለው ወንዝ የሚባል ነገር ስሰማ ጥርጣሬዬ እንደገና ተነሣ። ለእናቴ ሪፖርት ሳደርግ «የሌለ ወንዝ ይስላል» አልኳት። «እንግዲያው ጤናም የለው» አለች።

ጤና ግን ነበረው፤ እንዲያውም ከልክ ያለፈ። መስመር ሲሳሳት ሥራውን አያቋርጥም፤ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ ቀለሙን ቀስ እያለ ይፍቃል። ሲፋቅ ወረቀቱ ይሻክራል። ያንን በአውራ ጣቱ ጥፍር እስኪያብለጨልጭ ድረስ ያለሰልሰዋል። ጣቴን አስይዞ ያስዳስሰኛል። «የቱ ጋ ነው የፋቅሁት?» ይላል። አላገኘውም። «መሳሳት ነውር የለውም፤ የፋቁት ከታወቀ ነው ነውሩ። ከዚያ ውጪ ሥራዬ ቀላል ነው። ያለውን አልተውም፣ የሌለውን አልጨምርም።» ይህችን አባባል እንደ ጸሎት ይደጋግማታል። ሰው በየስብሰባው ያለውን በሚተውበት፣ የሌለውን በሚጨምርበት ዘመን እንዲህ ብሎ የሚኩራራ ሰው ያስፈራኝ ነበር።

ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ወንዞቹ ስም የላቸውም። ስም ጠይቀው የሚመለሱት የመስክ ሠራተኞች በጦርነቱ ምክንያት መውጣት አልቻሉም። ስም የሌለው ወንዝ የበዛበትን ካርታ ደግሞ አለቃው አይቀበልም።

ከግቢያችን ፊት ለፊት የቆዳ መጋዘን ነበር። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ጠረኑ ከበርበሬው ጋር ይጣላል። ዘበኛው ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ለስላሳ በትር፣ አንዲት የእንጨት ሳጥን ለመቀመጫ። አማርኛቸው ከ«ግባ»ና ከ«ውጣ» አያልፍም። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ታደለ ውሃ ይዤለት ስገባ «እኚያ ሰውዬ አገራቸው የት ነው?» አለኝ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ከያቤሎ ወዲያ» አሉኝ። ይህን ስነግረው ጋሼ ታደለ ብዕሩን ጣለ።

እንዲህ አስተርጓሚ ሆንኩ። የእሳቸው ኦሮምኛ ከእናቴ የተለየ ነው፤ ግማሹን በግምት ነበር የምይዘው። ጋሼ ታደለ ደብተሩን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በመሐል። ኦቦ ጃርሶ ገና ከመጀመሪያው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ለምን እንደሚፈልገው ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁ። «ካርታ ላይ ልጽፈው» አለ።

«ከጻፈው በኋላ ማን ያነበዋል?»

ጋሼ ታደለ አገጩን አከከ። «እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው አያነበውም በያቸው።»

«ማንም የማያነበውን የሚጽፍ ሰው አላየሁም» አሉ ሽማግሌው። ቢሆንም ስለ አገራቸው የጠየቃቸው ሰው ለብዙ ጊዜ አልነበረምና አፋቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ላጋ ዲማ አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲመጣ ከብት ይወስዳል። ላጋ ሃሬ ሁለት ወር ይወርድና ይተኛል። ላጋ ማለት ወንዝ ነው። እኔም ያንጨረጨረኝን ጠየቅሁ፦ «ውሃ ከሌለው ለምን ወንዝ ትሉታላችሁ?»

«አንቺ ስትተኚ እናትሽ ስምሽን ትቀይረዋለች?» አሉኝ። ይህን መልስ ለእናቴ ሪፖርት አላደረግሁም። የመጀመሪያው ያስቀረሁት ነገር እሱ ነው።

እትዬ በላይነሽ ግን ዓይኗ ሥራ አልፈታም። «የድንበር ሰው፣ የካርታ ሰው፣ የአንቺ ልጅ በመሐል! ሰዓዳ፣ ልጅሽን ሰብስቢ» አለች። እናቴም ወደ መጋዘኑ እንዳልሄድ ከለከለችኝ። ሆኖም ውሃውን ማድረስ አልከለከለችኝም፤ ወሬው አሁንም ያስፈልጋታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሼ ታደለ ሽማግሌውን ክፍሉ ድረስ አስገባቸው። ከአውሮፕላን የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በአራት ሽቦ እግር የሚቆም ባለ ሁለት መስታወት መነጽር ላያቸው ላይ አቆመ። መጀመሪያ እኔ አየሁ። ጠፍጣፋው ወረቀት በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ኮረብታው ወጣ፣ ሸለቆው ገባ። ከሸለቆው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ተሰልፏል። «ዛፎች ናቸው» አለኝ ጋሼ ታደለ። «እንዲህ ባለ አገር ዛፍ በሰልፍ ከቆመ ከአሸዋው ሥር ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ኦቦ ጃርሶ አጎነበሱ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ኮረብታውን ሊነኩ ሞከሩ። «የሎኮ በረት» አሉ በሹክሹክታ። ሎኮ ልጃቸው ናት። ከዛፎቹ ሰልፍ አጠገብ ያለችውን የእሾህ አጥር ክብ አይተው አወቋት። እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው።

«ከሰማይ ያዩናል» አሉኝ በኦሮምኛ፣ የእጄን አንጓ ጨብጠው። «ስሚ ልጄ። ሌላ ጊዜ ባለ ሦስት እግር ብረት የያዙ ሰዎች መጡብን። ውሃ የት አለ አሉን። እንግዳ ናቸው ብለን አሳየናቸው። በዓመቱ አጥር ይዘው መጡ፤ የከብት እርባታ ነው አሉን፤ ከብታችን ከውጭ ቆሞ ውሃውን እያየ አለቀ። ይህ የቀረን ነው። በበጋ አሸዋውን ቆፍረን የምንጠጣው ይህን ብቻ ነው። ስሙን ለአንቺ እነግርሻለሁ፤ ለእሱ አትንገሪው።»

ነገሩኝ። እዚህም አልጽፈውም።

ጋሼ ታደለ ደብተሩን ከፍቶ ይጠብቃል። «ምን አሉ? የዛፎቹ ሰልፍ ያለበት ወንዝ ስሙ ማነው? በበጋስ ውሃ አለው?»

«ስም የለውም ብለዋል» አልኩት። «ውሃም የለውም። ድንጋይ ብቻ ነው።»

ጋሼ ታደለ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። ስለ ዛፍ ሰልፍ ከአምስት ደቂቃ በፊት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። «ድንጋይ ብቻ» አለ። ደብተሩን ዘጋ። ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ግን ተቀምጦ፣ እኔ እያየሁት፣ በሸለቆው ውስጥ ሰማያዊውን መስመር ከላይ እስከ ታች ሳለው። ስም አልጻፈበትም፤ መስመሩን ግን ሳለው። «ፎቶው ያሳያል፣ ሙኒሬ። ያለውን አልተውም» አለኝ፣ እንደሚያዝን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጆጉን ሳልይዝ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት የኦቦ ጃርሶ ሳጥን ባዶዋን ነበረች። ማክሰኞም ባዶዋን ነበረች። በዚያን ጊዜ ሰው ሲጠፋ የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። እትዬ በላይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ «አላልኳችሁም? አስበላቸው!» አለች። እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። እኔ ግን ከሁለቱም የበለጠ አመንኩ፤ ምክንያቱም በመሐል የነበረችው ምላስ የእኔ ናት። ሽማግሌውን እንዲናገሩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ አልወስደኝ አለ፤ ጋሼ ታደለን ጠላሁት፣ ራሴንም ጠላሁ።

ቅዳሜ ውሃ ይዤ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሲጋራ ሊገዛ ወጥቷል። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምላጩም አጠገቡ። አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ምላጩን አንሥቼ ከሸለቆው አናት ጀምሬ መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ ሰማያዊ ዱቄት እየሆነ ይነሣል፤ እኔ እፍ እላለሁ። ግማሹ ላይ ደረስኩ። ጣቴንም ቆረጥኩ። በውጪ በር ሳሉን ስሰማ ምላጩን ጥዬ ሮጥኩ፤ ወረቀቱ ሻክሮ፣ መስመሩ ከመሐል ተቆርጦ፣ ጠረጴዛው ላይ የደም ጠብታ ትቼ።

ሳምንቱን ሙሉ የቀበሌ ሰዎች እስኪመጡልኝ ጠበቅሁ። የመንግሥት ካርታ ያበላሸ ምን እንደሚደረግ ባላውቅም መገመት አላቃተኝም። ማንም አልመጣም። በቀጣዩ ቅዳሜ «ሙኒሬ፣ ውሃ» ብሎ ጠራኝ። ገባሁ። ካርታው ተጠቅልሏል። የተቆረጠ ጣቴን ወደ ኋላ ደበቅሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዕሩን እያጠበ ጠየቀኝ።

«ኦቦ ጃርሶ የት ሄዱ?»

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። እስከዚያ ቀን «አንተ» ነበር የምለው፤ እሱ ራሱ ነው «አንተ በይኝ» ያለኝ። ያን ቀን ግን «እርስዎ ያውቃሉ» አልኩት።

ዞረ። ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ያኔ ግን የጥፋተኛ ፊት ነው ብዬ ተረጎምኩት። አስተርጓሚነቴ እንዲህ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ጥቅል በኩሊ ወጣ። ሊሰናበተኝ እጁን ሲዘረጋ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቅሁ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ» አለችው፤ በሩን ከዘጋች በኋላ ደግሞ «እፎይ» አለች።

ከስንት ወር በኋላ የቆዳ ነጋዴው ከአባቴ ጋር ሻይ ሲጠጣ እንደ ቀልድ አወራው። ኦቦ ጃርሶ ያን እሁድ በቆዳ መኪና አገራቸው ገብተዋል። «ልጄን ማየት አለብኝ ብለው አስቸገሩኝ፤ እኔው ነኝ ያሳፈርኳቸው።» ታዲያ ለምን እስካሁን አልተናገርክም ብሎ አባቴ ሲጠይቀው «በዚህ ዘመን እገሌ እዚህ ሄደ ብሎ የሚናገር ማን ነው?» አለ። በሩ ሥር ተቀምጬ ቃል በቃል ሰማሁት። ያኔ ጋሼ ታደለ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብጠይቅስ ማን ይነግረኛል? እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ኖሯል። ያበላሸሁትን ወንዝ መልሶ እንደሳለው እርግጠኛ ነበርኩ። ሥራው ነዋ። ያለውን አይተውም።

እንግዲህ ይኼው ካርታ ነው ከራጉኤል ጀርባ፣ በአሞኒያው ሽታ ውስጥ፣ ዓይኔ ሥር የተዘረጋው። ላጋ ዲማ አለ። ላጋ ሃሬ አለ። ጎንበስ ብዬ በመካከላቸው ያለውን ሸለቆ ፈለግሁ። ቡናማ መስመሮቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ወደ ላይ ታጥፈዋል፣ በሁለት አንጓ መሐል እንዳስተማረኝ። ሰማያዊ ግን የለም። እኔ የፋቅሁት የላይኛው ግማሽ የለም። ያልደረስኩበት የታችኛው ግማሽም የለም። በተዛወረበት ክፍል በአንዱ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ፣ በአዲስ ምላጭ፣ የቀረውን ራሱ ፍቆ በጥፍሩ አለስልሶታል። ማንም አላወቀም። በዓይኑ ያየውን ወንዝ ለአንድ ዘበኛና ለአንዲት ተንኮለኛ ልጅ ሲል ተወው፤ እኔም በ«እርስዎ» ሸኘሁት። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ሰዉ ሁሉ ከአሞኒያው ነው ብሎ ስላሰበ አልተሸማቀቅሁም።

«እትዬ፣ አካባቢውን ያውቁታል እንዴ?» አለኝ ወጣቱ።

«በወሬ። ለምን ፈለግኸው?»

«ውሃ እየፈለግን ነው። አንድ ትልቅ የከብት እርባታ ሊከፈት ነው።» ጣቱን በትክክል ሸለቆው ላይ አሳረፈ። «ይኼ ቦታ ገርሞኛል። መስመሮቹ ሲታዩ ወንዝ ያለበት ይመስላል፤ ካርታው ግን ምንም አላሳየም። የረሱት ይሆን?»

ጣቱን አየሁት። ንጹሕ፣ ቅን ጣት ነው።

«አልረሱም» አልኩት። «ድንጋይ ብቻ ነው።»